የንጉሡ መቃብር በኢንጂነሩ በረንዳ

ባለፈው ነሐሴ፣ ዩለስ ከተማ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ የሣር ማጠጫው ተበላሽቶ ውሃውን በሣሩ ፈንታ ግድግዳው ላይ ይረጭ ነበር። ከሥራ ገብቼ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያነደው የዋለው ቀይ ጡብ ውሃውን እየጠጣ ይጠቁራል። በሩን ከፍቼ እግሬን መሬት እንዳሳረፍኩ ሽታው ተቀበለኝ። የሸክላ፣ የአቧራና የዝናብ ሽታ ባንድ ላይ ነው። ሮጬ ውሃውን መዝጋት ሲገባኝ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ ከውስጥ ወጥታ፣ "ማሚ፣ ዋተሩ እየፈሰሰ ነው እኮ" ስትለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ሰመር ሽታ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ነበር። ለአባቴ ዲቪ ደርሶት ከመጣን ብዙም አልቆየንም። ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ አፓርታማ ውስጥ ላይኛው ፎቅ ላይ ነበርን። አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። እኔ ሃይስኩል ገብቼ የቤቱ አፍ ሆኛለሁ፤ የመብራት ድርጅት ሲደውል የማናግረው እኔ፣ ሐኪም ያለውን ለእናቴ የማስረዳት እኔ። አባቴ ሥራ ቦታ ከሰው ጋር እየዋለ እንግሊዝኛውን ቀስ በቀስ ለምዶታል። እናቴ ግን ሰላምታና ምስጋና ላይ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚሄደው።

በዚያ ዓመት እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ጊዜው ሳይደርስ ነው የመጣው። በጣም ትንሽ ነበር፤ በማሞቂያ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሳየው ወፍ የመሰለኝን አስታውሳለሁ። ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ክርስትና የሚነሣበትም ቀን ሳይደርስ ሞተ። ስም አልወጣለትም ነበር። አባቴ፣ "ስሙን አባባ ከአገር ቤት ያወጡለታል" ብሎ፣ አያቴም "ላስብበት" ብለው፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት አልተደረገለትም። ካህኑ ቤታችን ድረስ መጥተው እናቴን አጽናንተው፣ ጸልየው ሄዱ። እሷ አራስ ስለነበረች ቀብሩ ላይ እንዳትገኝ ተባለ፤ አባቴ፣ የሥራ ጓደኞቹና እኔ ነን የሄድነው።

የሕፃናቱ ቦታ ከሌላው ተለይቶ የተከለለ ሜዳ ነው። ሣሩ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተክለውለት ነበር። በእንግሊዝኛ "ቤቢ ቦይ" ይላል፤ ቀጥሎ የአባቴ ስም። አነበብኩት። ሳነበው አባቴ አየኝ፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ለእናቴ ግን ሁለታችንም አልነገርናትም።

እሷም አልጠየቀችንም። የአራስነቷ ጊዜ ካለፈ በኋላ አባቴ፣ "መቃብሩ ጋ ልውሰድሽ?" ቢላት ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። ወደ ሥራም አልተመለሰችም። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ተነሥታ ታስተናግዳለች፣ የመጣውን ሁሉ "አይዞአችሁ" ብላ ራሷ ታጽናናለች፤ በሩ ሲዘጋ ሶፋው ላይ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ቤት የምውለው እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። እንድትበላ እለምናታለሁ። እንደ ልጅ ልቆጣት ሁሉ ያምረኝ ነበር።

ድምፁ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከሥራችን፣ ከምድር ቤቱ፣ ጥርስ የሚያፋጭ የማሽን ድምፅ ይጀምራል፤ ያቆማል፤ መልሶ ይጀምራል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቻለችው። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣

"ሂጂና ንገሪልኝ" አለች። "ጆሮዬን በሳው በይ።"

ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ፈልጋ አፏን መክፈቷ ነበር። ደረጃውን በሩጫ ነው የወረድኩት።

የምድር ቤቱ ሰውዬ ኢራናዊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተው የሚያበጥሩ ሽማግሌ። በግቢው የምንኖር ሐበሾች ኢንጂነሩ እንላቸዋለን፤ በአገራቸው የጥንት ሕንፃ የሚጠግኑ መሐንዲስ ነበሩ። እዚህ መጥተው የወለል ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ግሬፕቫይን በሚባል ከተማ የጥርስ ሐኪም ነበረች፤ እሑድ እሑድ እየመጣች ታያቸዋለች።

በረንዳቸው ላይ ትንሽ የመቁረጫ ማሽን፣ አንድ ባልዲ ውሃና የጡብ ክምር ነበር። ማኔጅመንቱ የግቢውን አሮጌ አጥር ሲያፈርስ የወደቀውን ጡብ ለቅመውት ነው። እሱን እየቆረጡ ጣት የሚያካክሉ ጡቦች ይሠራሉ። በረንዳው መሀል፣ ጉልበቴ ላይ የሚደርስ፣ ዙሪያውን ሹል ሹል ጠርዝ ያለው ግንብ ቆሟል። እኔ፣ "እናቴ ታማለች፣ ድምፁ…" ብዬ ሳልጨርስ ማሽኑን አጠፉት። የዐይናቸው ሽፋሽፍት ላይ ሳይቀር ቀይ አቧራ ነበረባቸው።

"አላወቅኩም፣ ልጄ" አሉኝ። "ይቅርታ ጠይቂልኝ።"

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ኢንጂነሩ አንድ ሰሃን ቢጫ ነገር ይዘው ቆመዋል፤ ከሩዝ፣ ከስኳርና ሳፍሮን ከሚባል ቅመም የሚሠራ የአገራቸው ጣፋጭ ነው። ሰጥተውኝ ወዲያው ሄዱ። እናቴ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰችው።

"ሽቶ ሽቶ ይላል" አለች።

ግን ሰሃኑን ጨረሰችው። አጥቤ ልመልስ ስነሣ ከሶፋው ቀና ብላ አየችኝ። "ባዶውን ነው የምትመልሽው?" አለች፤ ተነሥታም ገብስ ቆላች። ቤታችን የእሳት ነገር ከሸተተው ቆይቶ ነበር። ቆሎውን ሰሃኑ ላይ ሞላች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ እኔን አስከትላ ራሷ ወረደች።

ኢንጂነሩ ሲያዩዋት ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ካኖም" ነበር የሚሏት፤ በቋንቋቸው እመቤት እንደ ማለት ነው። የፕላስቲክ ወንበራቸውን ለቀቁላት። ቆሎውን ሲቆረጥሙ ጥርሳቸው ፈተናቸውና ሳቁ። እናቴ ግን ዐይኗን ከግንቡ አላነሣችም።

"ምን እየሠሩ ነው በያቸው።"

ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝን ቃል ስሰማ ዐይኔን ወደ እሷ አዞርኩ። እናቴ ፊቴን አይታ፣ "ምን አሉ?" አለች። ሌላ ነገር ልላት ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን እሷን አሞኝቶ ማለፍ ሆኖልኝ አያውቅም።

"መቃብር ነው አሉ። የንጉሥ መቃብር።"

ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሩን ወደ ግንቡ ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ስንወርድ ከረምን። ኢንጂነሩ በአሸዋና በሲሚንቶ ይገነባሉ፤ እናቴ ሥራ ፈትታ መቀመጥ ስለማትችል ጡብ ታቀብላለች። ጡብ ከመገንባቱ በፊት ውሃ መጠጣት አለበት፤ ያለዚያ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። ይህን እንዳሳዩዋት ባልዲው የእሷ ሆነ። ትንንሾቹን ጡቦች እፍኝ አድርጋ ትከታለች፤ እነሱ ሽሽሽ እያሉ አረፋቸውን ወደ ላይ ይሰዳሉ። ሙቀቱ ሰው አያስቆምም ነበር። የአየር ማቀዝቀዣዎቹ ከየመስኮቱ ያጓራሉ፤ ግቢው በሙሉ የራሰ ጡብ ይሸታል። ባልዲው ዝም ሲል እናቴ፣ "ጠገቡ" ትልና ታወጣቸዋለች።

ኢንጂነሩ የሚያወሩት እየሠሩ ነው። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ የእሳቸውን ለእሷ፣ የእሷን ለእሳቸው አቀብላለሁ።

እውነተኛው ግንብ ያለው እሳቸው በተወለዱበት ከተማ፣ በኢራን ሰሜን ምሥራቅ፣ ከካስፒያን ባሕር ወዲያ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሺህ ዓመት አልፎታል። ያሠራው ንጉሥ ሊቃውንትን የሚወድ፣ የእጅ ጽሕፈቱ የሚደነቅለት፣ ግን በትንሽ ጥፋት ሰው የሚያስገድል ሰው ነበር አሉ። መቃብሩን ያሠራው ገና በሕይወት ሳለ ነው። እብነ በረድ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የፋርስ ሕንፃ የሚታወቅበት ሰማያዊ ሸክላም የለውም። ከመሠረቱ እስከ ጫፉ ተራ የተተኮሰ ጡብ ነው። ክቡን ግድግዳ ዐሥር ሹል ጠርዞች ይከቡታል፤ ከታች ተነሥተው ሳይቋረጡ ጣሪያው ድረስ ይወጣሉ። ጣሪያው እንደ ተሳለ እርሳስ ሾጣጣ ነው።

"ጌጥ የለውም ታዲያ?" አለች እናቴ።

ኢንጂነሩ የበረንዳውን ባለ ገመድ መብራት ከተሰቀለበት አውርደው በእጃቸው ያዙና ትንሹን ግንብ ቀስ ብለው ዞሩት። ጥላው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ተሻገረ። "ጌጡ ይሄ ነው" አሉ። "ፀሐይ ስትዞር ግንቡም ይለዋወጣል። ልጅ ሆኜ ሰዓቱን የማውቀው በእሱ ጥላ ነበር።"

እናቴ መብራቱን ከእጃቸው ተቀብላ ራሷ ዞረችው።

ሌላ ቀን ስለ መስኮቱ አወሩ። በዚያ ሁሉ ግንብ ላይ አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ አለ፤ ጣሪያው ላይ፣ በምሥራቅ በኩል። የአገሩ ሰው ሲያወራ፣ የንጉሡ ሬሳ በመስታወት ሣጥን ሆኖ ከጣሪያው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በዚያ መስኮት ገብታ ታገኘው ነበር ይላል። የመስታወት ሣጥን የሚለው ላይ ስደርስ እናቴ ምን እንዳሰበች አወቅኩ። እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። 

"ሲሞትስ እንዴት ሞተ?" አለች።

"ወታደሮቹ ጭካኔው ሲበዛባቸው አመፁበት። በበረዶ ወራት ልብሱን ገፈው ብርድ ላይ ተዉት ይባላል።"

"ብርድ ገደለው?"

"እንዲያ ይባላል።"

እጇን ባልዲው ውስጥ ከተተች። "እናት ነበረችው?" አለች።

ኢንጂነሩ ጥያቄው ሲደርሳቸው የያዙትን ጡብ አስቀመጡ። ስለዚያ ግንብ ስንት መጽሐፍ እንዳነበቡ እንጃ፤ ይህን ግን የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። "መቼም ትኖረዋለች" አሉ። "ስለ እሷ የጻፈ ሰው አላየሁም።"

አሁን ሳስበው፣ ያ ሁሉ ወሬ በእኔ በኩል ነው ያለፈው፤ የሃይስኩል ልጅ ምን ያህሉን በትክክል እንዳሻገርኩት አላውቅም። ማለቴ፣ ጣሪያና ጉልላት እንኳ የሚምታቱብኝ ልጅ ነበርኩ። የግንቡን ፎቶ በስልኬ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከገመትኩት ይልቅ ወርቅማ ነው። ከገመትኩት ይልቅም ብቸኛ ነው።

ነገሩ የተለወጠበት ቀን ደመናማ ነበር። ግንቡ አድጎ ወገቤ ደርሷል፤ የቀረው ጣሪያው ነው። ኢንጂነሩ፣ የታሪክ አጥኚዎች መሠረቱን ቆፍረው ንጉሡን ፈልገውት እንደነበር ነገሩን። ምንም አላገኙም። አጥንት የለም፤ ሣጥን የለም።

እናቴ ጀርባዋን ቀና አደረገች። "ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው።"

"ሰው የሌለበት መቃብር ታዲያ ምን ያደርጋል?"

ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት። ስተረጉመው ለስለስ ላደርገው ብሞክርም ፊቷን እያዩ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ስሙ አለ" አሉ። "በጡብ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ከበሩ በላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጣሪያው ሥር፣ ከታች የቆመ ሰው ዐይን በደንብ በማይደርስበት ቦታ። ወጣት ሆኜ ስንጠግነው በመወጣጫው ወጥቼ ፊደሎቹን በእጄ ዳስሻቸዋለሁ። በዙሪያው የነበረው ከተማ በጦርነት ጠፋ። ንጉሡ ራሱ የት እንደ ገባ አልታወቀም። የዛሬው ከተማ ግን የሚጠራው በዚያ ግንብና በንጉሡ ስም ነው። እኔ የተወለድኩበትን አገር ሰው ሲጠይቀኝ ስሙን ሳልጠራው አላልፍም።"

እናቴ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ንገሪያቸው" አለች።

ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሷ ጀመረች፤ እኔ ተከተልኳት። ልጅ እንደ ነበራት፤ እንደ ሞተ፤ ሲቀበር እንዳላየችው። ክርስትና ስላልተነሣ በማን ስም እንደምትጸልይለት እንደማታውቅ። ሰዎች ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይረሳል እንዳሏት። እኔም ቤት ውስጥ ሆኜ ከእሷ ሰምቼው የማላውቀውን፣ በበረንዳው ላይ በእንግሊዝኛ ራሴ እየተናገርኩ ሰማሁት። አንዳንዱ ጋ ድምፄ ሲሰበር ቆም ብላ ትጠብቀኝ ነበር።

ኢንጂነሩ አላቋረጡንም። ስትጨርስ ብቻ ጎንበስ ብለው፣

"ካኖም፣ ልጅዎን ምን ብለው ይጠሩት ነበር?" አሉ።

እኔ በውስጤ፣ ስም እንዳልነበረው አልነገርናቸውም እንዴ አልኩ። ለእናቴ ግን ጥያቄውን እንዳለ አስተላለፍኩ። ወዲያው መለሰች፤ እንኳን ልታስብ፣ ጥያቄው እስኪያልቅም አልጠበቀችም። ሆስፒታል ሳለ፣ በሣጥኑ ቀዳዳ እጇን አስገብታ ጣቱን ይዛ፣ በየቀኑ የምትጠራው ስም ነበራት። ስሙ እስኪወጣለት ብላ ለማንም አልተናገረችም። ማንም አልጠየቃትም።

ስም አይተረጎምም። እንዳለችው ደገምኩት። ኢንጂነሩ ሊሉት ሞክረው አጣመሙት፤ እናቴ አረመቻቸው፤ እንደገና አሉት፤ እንደገና አረመቻቸው። በትክክል ሲሉት፣ ልጇ ከተቀበረ ወዲህ ያልወጣላት ልቅሶ ወጣላት። እዚህ ግን ስሙን አልጠራውም። የእሷ ነው።

ያን ዕለት ማታ አባቴ ከሥራ ሲገባ፣ ሰደርያውን ሳያወልቅ እናቴ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

"ስም አለው" አለችው። ስሙንም ነገረችው።

አባቴ ጣቶቹን አንድ ባንድ አሻሸ። "አባባ ስም ልከው ነበር" አለ።

"መቼ?"

"ከቀብሩ በኋላ ነው የደወሉት። ምን ብዬ ልንገርሽ? ዝም አልኩ።"

"ማን አሉት?"

ነገራት። እናቴ አሰበችበት፤ በእውነት አሰበችበት። አያቴን ታከብራቸዋለች፤ የአባቴ አባት ያወጡትን ስም መተው በእኛ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም።

"ጥሩ ስም ነው" አለች። "እኔ ግን በዚያ አልጠራሁትም። ሲሞትም የሚያውቀው እኔ የጠራሁትን ነው።"

የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። አባቴ ተነሥቶ ጠበቅ አድርጎ ዘጋው፤ ጀርባውን እንደ ሰጠን ቆመ። "ኦኬ" አለ። "አንቺ የጠራሽው ይሁን። ለአባባ እኔ እነግራቸዋለሁ።" ከዚያ ስለ ብረቱ ሰሌዳ ነገራት፤ የተጻፈበትንም።

"እሱ ይነሣልኝ" አለች።

በማግስቱ አባቴ የሥራ ብሬክ ላይ ሆኖ የመቃብሩን ቢሮ ኮል አደረገ። ሌላ ነገር ማድረግ ይቻላል፤ ግን ከመሬት ጋር እኩል መሆን አለበት፣ የሣር ማጨጃው በላዩ እንዲያልፍ አሉት። ኢንጂነሩ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ፈገግ አሉ። "ንጉሡ ይህን ቢሮ ቢያገኘው ምን ይል ነበር" አሉ፤ ከዚያም እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው ላይ አንሥተው ሰጡኝ። "ስሙን በእናንተ ፊደል ጻፊልኝ። በትልቁ።"

የአማርኛ ፊደል አይተው አያውቁም ነበር። ወረቀቱን በብርሃን ላይ ያዙት፣ ዘቀዘቁት፣ መልሰው አቀኑት። "እነዚህ እኮ እግር አላቸው" አሉ። "ቆመዋል።" እያንዳንዱን ፊደል በጡብ ላይ አሰመሩት። ክቡና ቀለበቱ እንዴት እንደሚወጣ ብዙ አስቸገራቸው። ቀጥታ ቀጥታውን ለመቁረጥ ደግሞ እናቴ ማሽኑን ልያዝ አለች። የመከላከያ መነጽራቸውን አጥልቀውላት፣ እጇን ከየት ማራቅ እንዳለባት አሳይተዋት፣ ለቀቁላት። ያንን ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አሁን የምታወጣው እሷ ናት። ከምላጩ ሥር የሚፈሰው ቀይ ውሃ ክንዷ ድረስ ይረጫታል። አንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ተሰበረባት፤ በሦስተኛው ሆነላት።

ለጣሪያው ተቆርጠው ከተቀመጡት ጡቦች ደህና ደህናውን ለፊደሎቹ ወሰድነው። "የንጉሡ ጣሪያስ?" አልኳቸው።

"እሱ ሺህ ዓመት ቆይቷል" አሉኝ። "ትንሽ ቢታገሥ ምንም አይለው።"

የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ኢንጂነሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ፊት ወንበር ተቀመጡ። ፊደሎቹ የተገነቡበት ጠፍጣፋ የጡብ ሰሌዳ ከኋላ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር እናቴ ዘወር ትላለች። ሜዳው ጠርዝ ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። ማንም አልነገራትም። ሣሩ ላይ ጤዛ ነበር፤ እግሯ እየራሰ አባቴ ወደሚያሳያት ቦታ ሄደች።

አባቴ ሰሌዳውን ነቅሎ መሬቱን ቆፈረ፣ ደለደለ። ወደ የት ይዙር ተባለ። ኢንጂነሩ ፀሐይዋን በእጃቸው አሳዩ። ስተረጉምላት፣ "የእኛም እንደዚያ ነው" አለች። አስቀመጡት። ዙሪያውን ያለውን አፈር በመዳፏ እየጠቀጠቀች ሞላችው፤ ስትጨርስ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደች አነበበችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከአልጋው አጠገብ እንደ ተቀመጠች ሁሉ፣

"እናትህ ነኝ" አለችው። "ዘገየሁብህ።"

አባቴ አማተበ። ኢንጂነሩ ትንሽ ራቅ ብለው መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው በራሳቸው ጸሎት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ከኤርፖርቱ የተነሣ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ እስኪያልፍ ሁላችንም ቆምን።

ሐዘኗ በዚያ ቀን አለቀ ብል እውነት አይሆንም። ግን ትምህርት ሲከፈት እሷም ሥራ ገባች፤ በየወሩ እየሄደች በፊደሎቹ መሀል የበቀለውን ሣር ትነቅላለች። እኛ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአባቴ ሥራ እንዲቀርብ ወደ ዩለስ ተዛወርን። ኢንጂነሩም ወደ ልጃቸው ገቡ። ግንቡ ከባድ ስለነበር፣ እዚያው በረንዳ ላይ ጣሪያ ሳይገባለት ቀረ። አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ አዲሶቹ ተከራዮች ውስጡ አፈር ሞልተው አበባ ተክለውበት አየሁ። ለእናቴ ስነግራት፣ "ምን አበባ?" ብቻ አለች።

እሳቸው ሲያረጁ መርሳት ጀመራቸው። መጀመሪያ የሄደው እንግሊዝኛው ነው፤ በመጨረሻ ፋርስኛ ብቻ ቀራቸው። ልጃቸው ግሬፕቫይን የአረጋውያን መጦሪያ ስታስገባቸው እናቴ የዕረፍት ቀኗን ለእሳቸው አደረገችው። መንዳት ስለማትወድ እኔ አደርሳታለሁ። እሷን ማን እንደሚያደርጓት አላውቅም፤ ልጃቸው፣ ምናልባት እኅቴ ነች ብለው ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። እጇን ይዘው በፋርስኛ ያወሯታል፤ እሷም በአማርኛ ትመልሳለች፤ ስለ ዋጋ መወደድ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጆቼ። እሳቸው ሲስቁ ትስቃለች።

ባለፈው የብርድ ወራት ነው ያረፉት። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ በሄድንበት ቀን፣ የመሄጃችን ሰዓት ደርሶ ብንነሣ እጇን አልለቅም አሉ። ነርሷ መጥታ በቀስታ ልታስለቅቃቸው ሞከረች። እናቴ፣ "ተያቸው" አለቻት በእንግሊዝኛ፤ ለእኔ ደግሞ፣

"አንቺ ሂጂ" አለችኝ። "ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ነው። እኔ በኡበር እመጣለሁ።"

"ብቻሽን?"

"ምን ብቻዬን ነኝ፣ እሳቸው አሉ።"

ከበሩ ዘወር ብዬ ሳያት ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ በሌላው እጇ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ትከሻቸው ትስብላቸው ነበር። አንድ ረጅም ነገር እየነገሯት ነው። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ "እሺ… እሺ… ከዚያስ?" ትላቸዋለች።